«አፍሬ ነው ዝም ያልኩት»

እናቴ የምትኖረው ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ከወሎ ሲያፈናቅላት እኔን አዝላ ነበር የመጣችው። ዛሬ በግቢዋ የተከለቻቸው ማንጎዎች አድገው ጥላም ገቢም ሆነዋታል። ስልክ የያዘችው ዘግይታ ነው። በስልክ ገንዘብ መቀበል የጀመረችው ደግሞ እኛ ልጆቿ ከአዲስ አበባ የምንልክላትን እዚያው እንድታገኝ ብለን ለምነናት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ጠራ። ደዋዩ ድምፁ ረጋ ያለ፣ አንደበቱ የታረመ ወጣት ነው። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከስልክ ድርጅቱ ነው የምንደውልልዎት። ለቆዩ ደንበኞች ባወጣነው ዕጣ 50 ሺህ ብር ደርሶዎታል» አላት። ስሟን ከነአባቷ ስለጠራ አልተጠራጠረችም። «አልሃምዱሊላህ» ብላ ተቀመጠች። ቀጥሎ «አሁን አጭር መልእክት ይገባልዎታል፤ ውስጡ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች የጎረቤት ልጅ ጠርታ አስነበበች። ከዚያ «ሽልማቱ እንዲገባልዎት» ብሎ የምሥጢር ቁጥሯን ጠየቃት። ነገረችው። የማንጎ ሽያጩና እኛ ለሕክምና የላክንላት፣ በድምሩ 14 ሺህ ብር፣ ቡናው ሳይፈላ ሄደ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በየቀኑ እየደወልኩ «ደህና ነኝ ልጄ» ትለኝ ነበር።

ዝምታው የበለጠ ጎዳ

ነገሩ የወጣው ጎረቤቷ ላይ ሲደገም ነው። ከእናቴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ፣ ቡና የሚጣጡ ባልቴት ናቸው። ያው ጨዋ ድምፅ፣ ያው ዕጣ። ብራቸው ሲሄድ እርሳቸው እንደ እናቴ አልደበቁም፤ እየጮሁ ወደ ደጅ ወጡ። ወንድ ልጃቸው ወዲያው ወደ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል ደወለ፤ ሒሳቡ እንዲታገድ ጠየቀ። ገንዘቡ ከተላለፈበት ሒሳብ ገና ያልወጣ ስለነበረ የተወሰነው ተያዘላቸው።

እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ‹አሮጊቷ ተታለለች› እንዳልባል ብዬ። ተናግሬ ቢሆን እሷ አትነካም ነበር» አለችኝ። የእናቴ ብር እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ለፖሊስ ባመለከትንበት ጊዜ ገንዘቡ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነብን።

ስለ ኢንተርኔትና ስለ ስልክ ወንጀል ብዙ ይወራል። ከሌባው ብልሃት እኩል የሚጎዳን ግን የእኛው ሀፍረት ነው። ሌባው እንደምናፍር ያውቃል፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚህ ተማምኖ ነው።

መልኩን እየለወጠ ነው

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተከተለ። ባንኮችም በየስልኩ ገብተዋል። ለአሶሳ፣ ለመተከልና ለካማሺ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ብር ለማግኘት ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ቀርቷል፤ በባሕላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጣው ወጣትም ላቡን በኪሱ ይዞ ጫካ ለጫካ አይሄድም። ሌባውም ብሩን ተከትሎ ወደ ስልክ ገባ።

የዕጣው ማታለያ የቆየ ነው። አሁን የሚበዙት ሌሎች ናቸው። አንዱ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። የሚደርሰው መልእክት የባንክ ይመስላል፤ ሒሳቡ ሲታይ ግን የገባ ብር የለም። ሌላው የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ገጽ ጠልፎ በባለቤቱ ስም «ቸግሮኝ ነው፣ ማታ እመልሳለሁ» እያለ ከወዳጅ ዘመድ መሰብሰብ ነው። ሦስተኛው «ቪዲዮ እየተመለከታችሁ በቀን ይህን ያህል አግኙ» የሚለው ነው። መጀመሪያ ጥቂት ብር እየከፈለ ያላምዳል፤ ትልቁን ሲያስገቡለት ይዘጋል።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2024 ከደረሱት የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታዎች የተመዘገበው ኪሳራ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ብቻቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ አጥተዋል። ስለዚህ የተታለለ አያት ሞኝ ነው ማለት አይደለም፤ የተማረውም የሠለጠነውም ይታለላል። ይህ ቁጥር የታወቀውም የተበደሉት ስለተናገሩ ነው።

ልጆቻችንስ?

ወላጆች ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ወጣት ልጆቻችን የሚፈተኑት በሌላ መንገድ ነው። በኢንተርኔት የተዋወቀችው «ጓደኛ» ፎቶ ላኪልኝ ይላታል፤ ከላከች በኋላ «ብር ካልከፈልሽ ለቤተሰብሽ እበትነዋለሁ» ይላታል። በዚህ ጊዜ ልጅቷ ከሌባው ይልቅ አባቷን ትፈራለች። ወንዶች ልጆችም በዚሁ ወጥመድ ይገባሉ። ቁጣችንን ለአንድ ቀን አቆይተን «አይዞህ፣ አይዞሽ» ካላልን ልጁን ለአስፈራሪው አሳልፈን እንሰጠዋለን።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ለትንሽ ብር ብሎ በስሙ የወጣ ሲም ካርድ ወይም የባንክ ሒሳብ ለማያውቀው ሰው ያውሳል። የተሰረቀ ብር በዚያ ሒሳብ ካለፈ ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የልጁን በር ነው።

ከሁሉ የከፋው በሚያንማር የታየው ነው። በማኅበራዊ መገናኛ በወጣ የሥራ ማስታወቂያ «ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ አለ» ተብለው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ድንበር ተሻግረው በታጠሩ ግቢዎች ተዘጉ። እየተደበደቡ፣ በኤሌክትሪክ እየተነዘሩ፣ በኢንተርኔት የሰው ገንዘብ እንዲያታልሉ ተገደዱ። ከአንዳንዶቹም ቤተሰብ ማስለቀቂያ ተጠየቀ። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 የውጭ አገር ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንግዲህ በስልክ የሚያታልለን ድምፅ ራሱ የታሰረ የሌላ እናት ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ በቴሌግራም የውጭ አገር ሥራ አገኘሁ ሲል ፓስፖርቱን ከማውጣቱ በፊት ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዶ ያጣራ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚመለከተው መንግሥትንና ባንክን ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ የእናቴንም 14 ሺህ ብር ይመለከታል። ማንነቱን ደብቆ፣ ሐሰተኛ መረጃ ልኮ ሰውን ያታለለ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ሊቀጣ ይችላል። በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ማስፈራራትና ልጆችን ለጸያፍ ነገር ማባበልም በአዋጁ ወንጀል ናቸው።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ ለእኛ በጣም የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የማቆየት ግዴታ አለባቸው። ይህ ማለት አቤቱታ ሲዘገይ ማስረጃውም ሊጠፋ ይችላል። አንድ ሰው ያጣው 500 ብር ብቻ ሆኖ ለፖሊስ ትንሽ ቢመስልም፣ በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ አሥር ሰው ካመለከተ የሌባው ዱካ ይታያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሲደርስብን ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ሳይውል ሳያድር መደወል። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። የሌላ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ ቁጥሩን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ሌባው በላከልዎት ቁጥር መልሰው አይደውሉ።

ሁለተኛ፣ ምንም አለማጥፋት። መልእክቱ፣ የደወለበት ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የተላለፈው የብር መጠንና የዝውውሩ ቁጥር ማስረጃ ናቸው። እርስዎ ማንበብ ካልቻሉ የሚያምኑት ሰው የስልኩን ገጽ ፎቶ ያንሳልዎት።

ሦስተኛ፣ መታወቂያ ይዞ በአቅራቢያ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ መሄድና ቃል መስጠት። ያመለከቱበትን ቀንና ቃልዎን የተቀበለውን መርማሪ ስም ይጻፉ። ፎቶዋን ይዘው የሚያስፈራሯት ልጅ ካለች ብር አትክፈል፤ ገጹን ሳታጠፋ ከወላጅ ጋር ትሂድ።

አራተኛ፣ ለጎረቤት መንገር። በዕድር፣ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በቡናው ላይ። በርታም ጉሙዝም ሺናሻም ማኦም ኮሞም፣ ከወሎ የመጣውም፣ ሌባው ሁሉንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሽማግሌዎች በሚሰሙት ቋንቋ ይነገር።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የምሥጢር ቁጥርንና በመልእክት የሚገባን ቁጥር ለልጅም ለባንክ ሠራተኛም አይንገሩ። እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቅም።

እናቴ አሁን ቡና በተፈላ ቁጥር ታሪኩን ራሷ ታወራዋለች፤ የሌባውን ድምፅ ሳይቀር አስመስላ። ሴቶቹ ይስቃሉ። ባለፈው የደወልኩ ጊዜ አንዷ ጎረቤት «ዕጣ ደርሶዎታል» ተብላ፣ «ለእናትህ ስጣት» ብላ እንደዘጋችበት ነገረችኝ። የእናቴ 14 ሺህ ብር አልተመለሰም። የጎረቤቷ ብር ግን ከቤቷ አልወጣም።