ከነቤቷ የመጣች ጉንዳን

ወደ ሥራ ክፍላችን ለምርመራ ከሚላኩት ነፍሳት የሚበዙት በአልኮል ብልቃጥ ተዘፍዝፈው፥ የተገኙበትን ቀበሌ በምትገልጽ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ታጅበው ስለሚደርሱን፥ ይኖሩበት የነበረውን እንጨት ወይም አፈር አብሮ የሚያመጣ ሰው ሲገኝ፥ ምንም እንኳ ጠረጴዛዬ በብናኝ ቢሸፈን፥ በታላቅ ደስታ እቀበለዋለሁ። በቅርቡ የማንጎ አትክልት ያላቸው አንድ አዛውንት ከደከመ ዛፋቸው የቆረጡትን፥ ርዝመቱ ክንድ ያህል የሆነ ጉማጅ ግንድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አምጥተው፥ «ልጄ፥ ምስጥ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝና ዛፎቹን ቆርጬ ላቃጥላቸው» አሉኝ።

«አባባ፥ እሳቱን ከመለኮስዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ» ብዬ ቅርፊቱን በቢላዋ ገለጥ ባደርገው፥ ከሥሩ የተፈለፈሉ እጅግ ጠባብ ዋሻዎች ታዩ፤ በውስጣቸውም ቁመታቸው 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፥ መልካቸው ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ፍጥረታት ይርመሰመሱ ነበር።

ምስጥ አለመሆናቸውስ ወዲያው ታወቀ፤ የምስጥ ደረትና ሆድ ያለ ወገብ የተያያዘ ሲሆን፥ እነዚህ ግን ሁለት ትንንሽ አንጓዎች ያሉት ቀጭን ወገብ ነበራቸውና። ይሁን እንጂ ባለ ሁለት አንጓ ወገብ መሆን ከታወቁት የጉንዳን ዝርያዎች እኩሌታ ያህሉን የሚያጠቃልል ምልክት ስለ ሆነ፥ በእርሱ ብቻ ተመርኩዞ ስም ለመስጠት መነሣት ድፍረት ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው የአንቴናን አንጓ መቍጠር ነው፤ የማይክሮስኮፑ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ሲያርፍ ሁለቱ አንጓ አንድ ይመስላል፥ ናሙናዋ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ዞር ስትል ደግሞ የተሰወረው ይገለጣል፤ ስለዚህ ሥራው ከቆጣሪው ዓይን ይልቅ ትዕግሥቱን ይፈትናል። ድምሩ ስድስት ሆነ። በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳትን እያደነች የምትኖረው ስትሩሚጄኒስም የብዙዎቹ ዝርያዎቿ አንቴና ከስድስት አንጓ ስለማያልፍ አሳቤ ለጊዜው ወደ እርሷ አዘንብሎ ነበር፤ ነገር ግን የስትሩሚጄኒስ ራስ ከኋላው ሰፍቶ ወደ ፊት የሚሾል ሲሆን፥ የዚህችኛይቱ ግን ወፍራምና አራት ማዕዘን ነው።

አንዲቱን በመስታወት ሳሕን ላይ ባኖራት መካከለኛ እግሮቿን ወደ ላይ አንሥታ ተንገዳገደች፤ በጎኗ ወደቀች፤ ለመነሣት ሞክራም እንደ ገና ወደቀች። ይህን ብቻ ያየ ሰው በቢላዋ የተጎዳች፥ አለዚያም ከተፈጥሮዋ አካለ ስንኩል የሆነች ትመስለዋለች። ዓይኔን ወደ ግንዱ መልሼ፥ ጣራው ሳይፈርስ በቀረው ዋሻ ውስጥ ያሉትን እኅቶቿን ስመለከት ግን፥ የፊትና የኋላ እግሮቻቸው ወለሉን፥ መካከለኞቹ ደግሞ ጣራውን እየረገጡ ያለ አንዳች ችግር ይመላለሱ ነበር። በብልቃጥ ብቻ ብትመጣ ኖሮ ያ ወደ ላይ የተነሣ እግር የሞት መኰማተር ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ስሟን ያስገኘልኝ እርሱና አብጦ የሚታየው መዳፏ ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም። ሜሊሶታርሰስ ትባላለች።

ይህን ወገን በ1877 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የሰየመው ጣልያናዊው ሊቅ ካርሎ ኤመሪ ነው፤ መሠረት ያደረገውም ኦዶአርዶ ቤካሪ በ1870 ከከረን አካባቢ የሰበሰበውን ናሙና ስለ ነበር፥ ዝርያዋን በቤካሪ ስም ጠራት። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች የመንጋጋዋ ጥርሶች በዚንክ የጠነከሩ መሆናቸውን፥ ሕያው እንጨት የምትፈለፍለውም በዚሁ መሆኑን ገልጸዋል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሐር መፍተሏ ነው፤ በጉንዳን ዘንድ ሐር የሚፈትለው እጭ ሲሆን፥ የዚህች ሠራተኞች ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ከራሳቸው በታች ካለው እጢ ሐር ያወጣሉ። እኔ ቢላዋዬን ካነሣሁ ብዙም ሳይቈይ ወደ ተቀደደው ስፍራ ተሰብስበው የእንጨት ፍቅፋቂ በሐር እያያያዙ ይደፍኑት ጀመር። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ሲልከው ያሰበው በመከር ጊዜ እህል የምታከማቸውን መሆን አለበት፤ ወደ ዚህችኛይቱ የተላከ ሰነፍ ግን ሠራተኞቹ ከዋሻቸው ስለማይወጡ ማንንም ሳያይ በተመለሰ ነበር።

ውጭ ሳይወጡ ምን ይበላሉ ቢባል፥ በዋሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የዛፉን ፈሳሽ የሚመጡ ቅርፊት ለበስ ተባዮች አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ጉንዳኖቹ ከእነርሱ የሚያገኙት ጥቅም ምን እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል። አዛውንቱ «ቅርፊት ለበስ» የሚለውን ቃል እንደ ሰሙ ደነገጡ፤ በ2010፥ በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ያደረሰውን ጥፋት ሰምተው ነበርና። ያኛው ቅጠልንና ፍሬን የሚያጠቃ ሌላ መሆኑን፥ እነዚህም ጉንዳኖች እንጨቱን ይፈለፍሉታል እንጂ እንደ ምስጥ እንደማይበሉት አስረድቼ፥ ክፉኛ የተፈለፈለውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጠው እንዲያስወግዱና ደኅና ዛፎቻቸውን እንዲያቈዩ መከርኋቸው።

በመዝገቡ ላይ የወገኗን ስም በቀለም ጻፍሁ፤ ዝርያዋን ግን ባሪ ቦልተን በ1982 ካሳተመው ጥናት ጋር እስካስተያይ ድረስ በእርሳስ ነጥብ ብቻ አልፌዋለሁ። የመዝገቡ ቅጽ «ቀበሌ»፥ «ቀን»፥ «ሰብሳቢ» የሚሉ ዓምዶች ሲኖሩት «የተገኘበት እንጨት» የሚል ስለሌለው፥ የማንጎውን ግንድና የእግሮቹን ነገር ከጀርባው ላይ ለመጻፍ ተገደድሁ፤ ግንዱንም ቁጥር ሰጥቼ ከናሙናው ጋር አኖርሁት።