«የስታሊን ሞት»፦ አንድ ፊልም፣ ሦስት ዳኞች

አንድ ሰው «ይሄ ፊልም አይረባም» ሲለን፣ ለመሆኑ ምን ፈልጎበት ነው ያጣው ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? በዚህች አጭር ጽሑፍ «ዘ ዴዝ ኦፍ ስታሊን» የተባለው ኮሜዲ ያገኘውን የተለያየ አቀባበል ላሳያችሁ እሞክራለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ያዘጋጀው ስኮትላንዳዊው አርማንዶ ያኑቺ ሲሆን ለእይታ የበቃው በ2017 ነው። መነሻው በሥዕል የተተረከ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነው። የሶቪየቱ መሪ ስታሊን ማርች 5 ቀን 1953 ሲሞት፣ ቤርያ፣ ክሩሽቼቭና ማሌንኮቭ ገና ቀብሩ ሳይፈጸም ለሥልጣን ሲሻሙ ያሳያል።

የመጀመሪያዎቹ ዳኞች የፊልም ሃያስያን ናቸው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙዎቹ እጅግ ወደዱት። የእነሱ ጥያቄ «ያስቃል ወይ? ከሳቁ ሥር ያለው ፍርሃትስ ይሰማል ወይ?» የሚል ነበር።

ሁለተኞቹ የታሪክ ምሁራን ናቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦቬሪ በስሕተት የተሞላ ነው ሲል ተችቶታል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ፊልሙ ቤርያን በቀብሩ ሰሞን አስይዞ ያስገድለዋል፤ በእውነቱ ግን የተያዘው ጁን 26፣ የተገደለው ደግሞ ዲሴምበር 23 ቀን 1953 ነው። ዙኮቭም በፊልሙ የጦር ሠራዊቱ የበላይ አዛዥ ሆኖ ይታያል፤ ያኔ ግን የኡራል ወታደራዊ ቀጣና አዛዥ ነበር።

ሦስተኛው ዳኛ የሩሲያ መንግሥት ነው። የባህል ሚኒስቴሩ ፊልሙ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 23 ቀን 2018፣ ፈቃዱን ሰረዘ። «ፒዮኔር» የተባለው የሞስኮ ሲኒማ ቤት ግን አሳየው፤ ፖሊስም መጣበት። እዚህ ላይ ጥያቄው «ማን በማን ታሪክ ይስቃል?» የሚል ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ፊልሙ አንድ ነው፣ ጥያቄው ግን ሦስት። በበኩሌ ለታሪክ ምሁራኑ አንድ ነገር ልጨምር። ስታሊን ራሱን ስቶ ወድቆ ሳለ ሹማምንቱ ሐኪም ለመጥራት ይጨነቃሉ፤ ጎበዝ ሐኪሞች ታስረዋላ! ይሄ የቀልድ ፈጠራ ይመስላል አይደል? ግን እውነት ነው። በጃንዋሪ 1953 ስመ ጥር ሐኪሞች «መሪዎችን ሊገድሉ አሲረዋል» ተብለው መታሰራቸው በጋዜጣ ወጥቷል። ስለዚህ አንድ ፊልም ቀኑን ስቶ ፍርሃቱን ሊያገኝ ይችላል።

በደርግ ዘመን ወጣት የነበሩት አጎቴ ፊልሙን አብረውኝ አይተውታል። እኔ በሳቅ ስፈርስ እሳቸው ፈገግ እንኳ አላሉም። «እንዲህ ነበር እኮ» ብቻ አሉ። ይሄንን ስሜት ካነበብኳቸው ሂሶች ውስጥ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ነገ በእውነተኛ ታሪክ ላይ ስለተሠራ ፊልም ስንጽፍ የትኛውን ጥያቄ እንደምንመልስ አስቀድመን እንወቅ፤ ቀኑን ከመዝገብ እናጣራ፤ ዘመኑን የኖረ ሰው በአጠገባችን ካለም ሳንጠይቅ አንለፍ።

ቸር እንሰንብት።