ፊደል ቁጥር የሚያገኝበት ጠረጴዛ

አዲስ አበባ ላይ በስልክ የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሲደርስ እንደተጻፈው ይነበባል። ላኪው የማን ሥሪት የሆነ ስልክ እንደያዘ፣ ተቀባዩ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው መጠየቅ ቀርቷል። ኮምፒውተር ግን ዛሬም ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። መልእክቱ ሳይበላሽ የሚደርሰው «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 እንዲሆኑ አሜሪካዊውም፣ ኮሪያዊውም፣ ቻይናዊውም አምራች ስለተስማሙ ነው። ይህን ስምምነት የሚያዘጋጁትና የሚጠብቁት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች በአገራችን እምብዛም አይታወቁም፤ ሥራቸውም የመሐንዲሶች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበት ታሪክ ሲመረመር ግን የቴክኖሎጂ ስታንዳርድ የሚሠራው በጠረጴዛው ዙሪያ በተገኙት ሰዎች ልክ መሆኑ ይታያል። ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ማስረጃ ይዞ በቀረበበት ቦታ ሥራው ሠምሯል፤ ማንም ባልቀረበበት ቦታ ጉድለቱ ለዓመታት ቆይቷል፣ አንዳንዱም እስከ ዛሬ አለ።

ስምምነቱ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይጠቅማል። አሜሪካውያን በ1963 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት አስኪ የተባለው ኮድ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ለእንግሊዝኛ ይበቃል፣ ለፈረንሳይኛ እንኳ ይጠባል። በኋላ አንድ ባይት በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ቦታው ወደ 256 አደገ። የግዕዝ ፊደል ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ስለሚያልፍ እዚያ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ የተነሡት ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የፊደልና የቁጥር ድልድል አወጡ፤ ከፊሎቹም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለው አስቀመጡት። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ውለታ ትልቅ ነው፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣና ደብዳቤ በኮምፒውተር በአማርኛ እንዲዘጋጅ መንገድ የከፈቱት እነሱ ናቸው። ነገር ግን በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ ቢኖርም እንደሌለ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሰራ» የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ችግር ነበር፤ አማርኛና ትግርኛ በላቲን ፊደል በወጥ ደንብ ተጽፈው በኢሜይል እንዲያልፉና በሌላው ጫፍ ወደ ግዕዝ ፊደል እንዲመለሱ። ብልሃቱ ሠርቷል፤ ሆኖም ፊደሉ የሌላ ልብስ ለብሶ መጓዝ ነበረበት።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ጃፓኖች፣ ሩሲያውያንና ዐረቦችም በአገራቸው በሚሠሩ ብዙ ኮዶች ተቸግረው ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ በአጭሩ አይኤስኦ፣ የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ የሚይዝ አንድ ኮድ ለማውጣት ሥራውን የጀመረው በ1984 ነው። በሌላ በኩል የዜሮክስ ኩባንያ ባለሙያ ጆ ቤከር በ1988 ዩኒኮድ ያለውን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ፤ ከአፕል ሊ ኮሊንስና ማርክ ዴቪስ አብረውት ሠሩ፤ በጥር 1991ም የዩኒኮድ ኮንሰርሺየም በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። ሁለት ተቀናቃኝ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሊወለድ ተቃርቦ ነበር። የተረፍነው በ1991 የአይኤስኦ ረቂቅ በአባል አገሮች ድምፅ ስለወደቀና ሁለቱ ወገኖች ቁጥሮቻቸውን ለማዋሐድ ስለተስማሙ ነው። ከ1993 ጀምሮ የዩኒኮድና የአይኤስኦ 10646 ሰንጠረዦች አንድ ናቸው። በዚህም ምክንያት አዲስ ፊደል በሁለት በር ማለፍ አለበት፤ በአንዱ የዩኒኮድ ቴክኒክ ኮሚቴ አለ፣ በሌላው የአገሮች የደረጃ መሥሪያ ቤቶች ድምፅ የሚሰጡበት የአይኤስኦ ኮሚቴ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን ለማንም ክፍት ነው። አንድ ግለሰብ የፊደሉን ቅርጽ፣ ስም፣ ተራና አገልግሎት ዘርዝሮ፣ ከታተሙ መጻሕፍት ማስረጃ አያይዞ ማመልከት ይችላል። ኮሚቴው የሚጠይቀው ማስረጃውን ነው። ይህ ሥርዓት ለደሃ አገር ምን ያህል ትርጉም እንዳለው በቂ ትኩረት አላገኘም እላለሁ።

ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲገባ 345 ምልክቶች ይዞ ነበር። አደራደሩ ፊደሉን በሚያውቅ ሰው እንደተሠራ ያስታውቃል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተመድቦለታል፤ ሰባቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ዲቃላዎች። «ለ» 4616 ከሆነ ካዕቡ «ሉ» 4617፣ ሣልሱ «ሊ» 4618 ነው፤ ከማንኛውም ፊደል ቁጥር ተነሥቶ ቤተሰቡንና ቤቱን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። በገበታ ላይ የተቆጠረው «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሳይለወጥ የኮምፒውተር ሒሳብ ሆነ። ግን ከ1999ኙ ሰንጠረዥ ማን እንደቀረ እንመልከት። ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለቤንች፣ ለመዔንና ለብሊን የሚያስፈልጉት ፊደላት የገቡት በ2005 ነው። ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያገለግሉት በ2010 ተጨመሩ። ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚሆኑ 28 ተጨማሪ ምልክቶች እስከ 2021 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ዛሬ የግዕዝ ምልክቶች በጠቅላላው 523 ናቸው። ብዙ ማስረጃና ብዙ ጠበቃ የነበረው አማርኛ ቀድሞ ገባ፤ ጠበቃው ያነሰ ቋንቋ በሃያ ሁለት ዓመት ዘገየ። በዚያ መካከል የተማረ አንድ የጉራጌ ልጅ በቋንቋው በኮምፒውተር ለመጻፍ ፊደል ጎድሎት አድጓል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ፊደሉ የእኛ ከሆነ ለምን የውጭ ጉባኤ ደጅ እንጠናለን? ኢትዮጵያ የራሷን ኮድ አውጥታ በሕግ ብታስገድድ አይሻልም ነበር? ሐሳቡ ከኩራት የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ መናቅ የለበትም። መልሱ ያለው በርማ ውስጥ ነው። የበርማ ፊደል እንደ ግዕዝ በዚያው በ1999 እትም ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆኖም ፊደሉን በትክክል የሚያሳዩ ሶፍትዌሮች በመዘግየታቸው ዛውጂ የተባለ የአገር ውስጥ ፎንት በራሱ ድልድል ተስፋፋ፤ ስማርት ስልክ በአገሩ ሲበዛም አብሮ በዛ። አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ስልክ ላይ ተመሰቃቅሎ ይታያል፤ ፍለጋ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ያልፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ዛውጂ ለራሱ የተጠቀመበት ቦታ ለሞን፣ ለሻንና ለካረን ቋንቋዎች ፊደላት የተመደበ መሆኑ ነው፤ የብዙኃኑ ምቾት የአናሳዎቹን ጽሕፈት ገፋ። መንግሥት ወደ ዩኒኮድ መሸጋገሪያ ቀን ብሎ ጥቅምት 1 ቀን 2019ን ቆረጠ፤ ያም ሆኖ በአሮጌው ኮድ የተከማቸው ጽሑፍ ሁሉ መለወጥ ነበረበት። ብሔራዊ ስታንዳርድ የሚጠቅመው ከዓለም አቀፉ ጋር ሲገናኝ ነው፤ የኪቦርድ አቀማመጥን፣ የፊደል ተራን፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ አያያዝን መወሰን የአገር ሥራ ነው። የፊደሉን ቁጥር ለብቻ መወሰን ግን ራስን ከሌላው ዓለም ስልክ ማስወጣት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ሥልጣን ነው። በዩኒኮድ ሙሉ ድምፅ ያላቸው በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉ አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹም የአሜሪካ ግዙፍ ኩባንያዎች። እውነት ነው፣ ሊሸፈንም አይገባም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያመጣጥኑታል። አንደኛው፣ የኦማን የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር የቁርኣን ጽሕፈት በትክክል እንዲወከል ብሎ ሙሉ አባል ሆኖ ከኩባንያዎቹ እኩል ድምፅ ሰጥቷል፤ በአይኤስኦ በኩልም ድምፁ የአገሮች ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው የመጽናት ደንብ ነው። በ1996 በኮሪያ ጥያቄ የሃንጉል፣ ማለትም የኮሪያ ፊደል፣ ክፍለ ቃላት ወደ 11,172 ሲያድጉ ቀድሞ የነበሩበትን ቦታ ለቀው ወደ ሌላ ተዛወሩ፤ በአሮጌው ቁጥር የተጻፈው ሁሉ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር እንዳይነሣና ወደ ሌላ ቦታ እንዳይዛወር ተደነገገ። «ሀ» ነገ ለአንድ ኩባንያ ባይመችም 4608 ሆኖ ይኖራል። የጉባኤው መንቀርፈፍም ከዚሁ ይመጣል፤ ስሕተት የማይታረምበት ሰንጠረዥ በጥድፊያ አይሞላም። ዝግተኝነቱ ያስቆጣል፤ ከ1999 በፊት የጻፍነውን መልሰን መለወጥ ስለነበረብን የደረሰብንን ድካም ሳስብ ግን ይህን ደንብ እመርጣለሁ።

ያልተገኘንበት ጠረጴዛ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት የስልኩን አጭር የጽሑፍ መልእክት መመርመር ይበቃል። ይህን የሚወስነው የሞባይል ግንኙነት ስታንዳርድ ከዩኒኮድ የተለየ ጉባኤ ሥራ ነው። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። ላቲን ፊደል በሰባት ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባበታል። አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባ ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ ሁለት ባይት አጻጻፍ ይለወጥና የሚይዘው 70 ብቻ ይሆናል። ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እንዲጽፍ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቱርኮች በዚሁ ስታንዳርድ በራሳቸው ፊደላት ምክንያት ተጎድተው ነበር፤ ጉዳያቸውን አቅርበው ለቋንቋቸው ልዩ ሰንጠረዥ አስጨመሩ። የሕንድ ቋንቋዎችም፣ ከሂንዲ እስከ ታሚል፣ የየራሳቸውን አገኙ። አማርኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እርግጥ የእኛ ጉዳይ ከበድ ይላል፤ እነዚያ ሰንጠረዦች 128 ቦታ ያላቸው ስለሆኑ ከ300 በላይ የሆነውን ፊደል እንዳለ አይችሉትም፤ ተነባቢና አናባቢን ለይቶ የመላክ መላ ያስፈልግ ነበር። መላ ይዞ የሚቀርብ ሰው ደግሞ መኖር ነበረበት። የዩኒኮድ ቁጥሮች በኢንተርኔት የሚጻፉበትን ዩቲኤፍ-8ን በተመለከተም ተመሳሳይ ቅሬታ ይሰማል፤ ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ ለግዕዝ ሦስት ያስከፍላልና። እዚህ ላይ ግን ጉዳቱ እንደሚባለው አይደለም። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ «ሰላም» በሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ሲሆን በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደልና አምስት ባይት ይወስዳል፤ ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ ወርዶ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። በምላሹም ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከመቶ 98 ያህሉ የሚጠቀሙበትን፣ አማርኛን ያለ ልዩ ዝግጅት የሚያሳልፈውን ኮድ አግኝተናል።

የፊደሉ ቁጥር ጉዳይ ከሞላ ጎደል ካለቀ በኋላ ክርክሩ ወደ አጠቃቀሙ ተሸጋግሯል፤ እዚያም የቋንቋው ባለቤት ካልተገኘ የሚወስን የለም። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ከፍተኛ የዶሜይን ስሞች የሚመሩበትን ደንብ ሲያስጠና፣ ፊደሉን የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት ቡድን ነበር የተቋቋመው። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አማርኛ ተናጋሪ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ስለሆኑበት እያቀያየረ ይጽፋቸዋል፤ ለትግርኛ ተናጋሪ ግን ሀ እና ሐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። አጭበርባሪ የአንድን ባንክ ስም በሌላው «ሐ» ጽፎ ቢያስመዘግብ አማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ላያስተውል ይችላል። ቡድኑ ድምፀ ሞክሼዎቹ እንደ ተለዋጭ እንዲቆጠሩ፣ አንዱ ስም ከተያዘ ሌላው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አደረገ። ለትግርኛ ይህ ገደብ መሆኑ አይካድም፤ ለተጠቃሚው ደኅንነት ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው፣ በእኔ ፍርድ ተገቢ ዋጋ። የድረ ገጽ ስታንዳርድ የሚያወጣው ደብልዩ ሥሪ ሲም የግዕዝ ቁጥሮች ፩፣ ፪፣ ፫ በዝርዝር ላይ በራሳቸው የሚወጡበትን ስሌት በደንቡ አካቷል፤ ስለ ግዕዝ ጽሕፈት የገጽ አቀማመጥም ረቂቅ ሰነድ አለው፤ ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ በመስመር መጨረሻ ላይ ምን ይሁን የሚለው ዓይነት ጥያቄ የሚነሣው እዚያ ነው። የቀን፣ የወርና የገንዘብ አጻጻፍ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠርም ጭምር፣ ሲኤልዲአር በተባለው የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ይሰበሰባል፤ መረጃው የሚሞላው የቋንቋው ተናጋሪዎች ገብተው ሲጽፉ ነው። በአገራችን ከሚነገሩት ከ80 በላይ ቋንቋዎች በዚህ መዝገብ የተሟላ መረጃ ያላቸው ጥቂት ናቸው። ሥራው ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ የቋንቋና የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ አሏቸው።