ግመል የሚሸከመው ቤት

ከጅግጅጋ ወጥቶ በቀብሪ በያህ በኩል ወደ ደጋሃቡር ለሚወርድ መንገደኛ፣ ጉልላት የመሰሉ ጎጆዎች ከሩቅ ይታዩታል። ሶማሌዎች አቃል ይሏቸዋል። የምትሠራውም የምታፈርሰውም ሴቲቱ ናት፤ ቤቱም የእሷ ነው።

አጽሙ የተቆለመመ እንጨት፣ ልብሱ ከሣርና ከዛፍ ልጥ የተሠራ ምንጣፍ ነው። ለሙሽራ የሚሆነውን እናትና የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ይሠሩታል፤ ውበቱም የዚያ የብዙ እጅ ነው። ዛሬ ግን በብዙዎቹ ላይ ሸራና ላስቲክ ተደርቧል።

ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ መኝታውን፣ የእጣን ማጨሻውንና የወተት ዕቃዎቹን ያያል። ከዕፅዋት ሥር የተሠራው የወተት ዕቃ እጅግ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሳ ጠብታ አያፈስም። ውስጡ በጋለ እንጨት ይታጠናል፤ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ጭስ ጭስም ይላል።

በዚህ ጠባብ ቤት ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ሌላም የሚንቀሳቀስ ጠባብ ቤት አለ፤ በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ቤተሰቦች በጋራ ገዝተው በተራ የሚጠቀሙባቸው ጠባብ ጀልባዎች አሉ፤ ወርዳቸው 2 ሜትር ገደማ ነው። እዚያም እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው።

አቃሉ ግን ሲነሳ መልኩን ይለውጣል። የቆሙት እንጨቶች በግመል ጀርባ ላይ ታስረው ኮርቻ ይሆናሉ፤ ምንጣፎቹ ከሥር ይነጠፋሉ፣ ሕፃናትም ከላይ ይቀመጣሉ።