እርግብግቢት

አራስ ጥየቃ ሄዶ ሕፃን የታቀፈ ሰው «እርግብግቢቱን እንዳትነካ!» የምትለውን ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ አይመለስም። ከግንባር ከፍ ብላ፣ አናት ላይ፣ አጥንት የሌለባት ለስላሳ ቦታ ናት። ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ስትል ስለምትታይ ጣት የሚበሳት ትመስላለች። ነገር ግን የሸፈናት ጠንካራ ጅማታማ ሽፋን ነው። ቀስ ብሎ መዳሰስም ሆነ ማጠብ ሕፃኑን አይጎዳውም።

የአራስ ራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ጠፍጣፋ አጥንቶች በጅማት ተያይዘው የቆሙ ናቸው፤ አጥንቶቹ በሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ስድስት ክፍተቶች ይቀራሉ። እናቶች የሚያውቋት ትልቋን፣ የፊተኛዋን ነው። ከኋላ ባለ ሦስት ማዕዘን ታናሽ አለቻት፤ አዋላጆች ለዚች ልዩ ቦታ አላቸው። በምጥ ጊዜ በጣታቸው ዳስሰው ሲያገኟት፣ ሕፃኑ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በመልካም አቅጣጫ እየመጣ መሆኑን ያውቃሉ። ሕፃኑ በእናቱ ዳሌ ሲያልፍ አጥንቶቹ ጠርዛቸው ይደራረብና ጭንቅላቱ ይጠብለታል። ሾጠጥ ብሎ መወለዱ ቤተሰብን ቢያስደነግጥም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይስተካከላል።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ ክፍተቶቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ሲወለድ ዙሪያው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረ ጭንቅላት ዓመት ሲሞላው 46 ገደማ ይደርሳል፤ ውስጡ የሚያድገው አንጎል ቦታ የሚያገኘው አጥንቶቹ ገና ስላልገጠሙ ነው። ይህ ከተወለዱ በኋላ ረጅም ጊዜ የሚወስድ የአንጎል እድገት ጥንታዊ ነገር ነው። አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ የሕፃን ቅሪተ አካል፣ ሰላም፣ ይህ እድገት በእሷም ዝርያ ዘንድ እንደነበረ መስክራለች።

ታናሿ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ትገጥማለች፤ ትልቋ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዓመት ትቆያለች። እንድትገጥም ተብሎ ቅቤ መቀባት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ አጥንትን የሚያጋጥመው ግን ቅቤ አይደለም። በጣም ከዘገየች ሪኬትስ ሊሆን ይችላል፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሕፃኑን በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ያለጊዜዋ ገጥማ ጭንቅላቱ ቅርጹን ከለወጠም ሐኪም ይየው።

ከሁሉ በላይ ወላጅ ማወቅ ያለበት የእርግብግቢትን መልክ ማንበብ ነው። የሚታየው ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ሲታቀፍ ነው፤ ሲያለቅስ ከፍ ማለቷ ያለ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞት ጎድጉዳ ከታየች ሰውነቱ ውኃ አጥቷል። ተወጥራ ካበጠች፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱ ከልክ በላይ እየተለቀም ከሄደ ውስጡ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ይሆናል።

እነዚህን ምልክቶች ያየ ወላጅ ቅቤ እየቀባ አይጠብቅ፤ በውኃ ማጣትና በማጅራት ገትር የሰዓታት መዘግየት ሕይወት ያሳጣል። ሕፃኑን ጡት እያጠባችሁ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ አድርሱት።