የጫጩቶችን ሙቀት ያለ አደጋ ስለ መጠበቅ

(በሬድዮ የተሰማ ንግግር)

ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ርእስ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል፤ ይኸውም ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች በሌሊት የሚያስፈልጋቸውን ሙቀት እንዴት አድርጎ ማዘጋጀትና መቆጣጠር እንደሚቻል ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ አነስተኛ በሚመስለው ነገር ምክንያት፣ ከደመወዙ ቀንሶ የገዛቸውን ጫጩቶች በአንድ ሌሊት የሚያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። ከዚህም የባሰው፣ ጫጩት አሞቃለሁ ሲል ቤቱን ለእሳት፣ ቤተሰቡንም ለከሰል ጢስ አሳልፎ የሚሰጥ መኖሩ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከዶሮ አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ብራ ሆኖ ቢውልም፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በወጣን መጠን ደግሞ ብርዱ ይብሳል። እናቱ ያቀፈችው ጫጩት ግን ይህን ብርድ አያውቀውም። «እናቷን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች» እንደሚባለው፣ ጫጩቱ 41 ዲግሪ ያህል ሙቀት ካለው የእናቱ ገላ ተጠግቶ ያድራል፤ ሲሞቀው ራሱን ብቅ ያደርጋል፤ ሲበርደው ተመልሶ ከክንፏ ሥር ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው በመፈልፈያ መኪና ተፈልፍለው፣ በአንድ ቀን ዕድሜያቸው በካርቶን ተጭነው የሚመጡትን ጫጩቶች ገዝተን ወደ ግቢያችን ስናስገባ ነው። ለእነዚህ እናት የላቸውምና፣ በእናቲቱ ፈንታ መሆን ያለበት ባለቤታቸው ነው።

የአንድ ቀን ጫጩት ገላውን የሚሸፍነው እውነተኛው ላባ ሳይሆን ስስና ለስላሳ ጠጉር ነው፤ የገላውንም ሙቀት በራሱ ጠብቆ ማቆየት ገና አይችልም። በዚህ ረገድ ለጥቂት ቀኖች እባብን ይመስላል ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። እባብ በገላው ውስጥ በቂ ሙቀት ስለማያመነጭ፣ ጧት ከድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲበቃውም ወደ ጥላ ይገባል። በውጭ አገር እባብን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች ይህን ጠባይ ተመልክተው፣ የሣጥኑን አንድ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላውን ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ አድርገው ያዘጋጁለታል፤ እባቡም እንደ ፍላጎቱ ይመላለሳል። ሣጥኑን በሙሉ ያጋሉት እንደ ሆነ ግን ማምለጫ አጥቶ ይሞታል፤ ማሞቂያውንም ሳይከልሉ ቢተዉለት፣ እላዩ ላይ ተጠምጥሞ ገላው ይቃጠላል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለጫጩትም ያገለግላል፤ ይኸውም ሙቀትን በአንድ ቦታ መስጠት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታም ከአጠገቡ መተው፣ ምርጫውን ለእንስሳው መልቀቅ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንመለስ። በመጀመሪያው ሳምንት ከማሞቂያው ሥር የሚፈለገው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ሄዶ፣ ላባቸውን አውጥተው ሲጨርሱ፣ ማለት በስድስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ወደ 20 ዲግሪ ይደርሳል። በገበያ የ45 ቀን ጫጩት ከአንድ ቀን ጫጩት በብዙ የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለመኖው ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው እንቅልፉን አጥቶ ለጠበቀው ሙቀትም ጭምር ነው። ሙቀቱ በቴርሞሜትር ሲለካ መሣሪያው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይደለም፤ ጫጩቱ በሚቆምበት ከፍታ፣ ከጉዝጓዙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሆን አለበት።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው ከመሣሪያ ያላነሱ ነጋሪዎች ናቸው። ከማሞቂያው ሥር ተደራርበው በኃይል የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል። ከማሞቂያው ሸሽተው ከዳር ዳር ቆመው፣ ክንፋቸውን ዘርግተውና አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሙቀቱ በዝቶባቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ብቻ ተጠግተው ከተገኙ፣ በሌላው ወገን ነፋስ እየገባ ነው ማለት ነው። በቦታው ሁሉ ተበታትነው፣ ከፊሉ ሲበላ ከፊሉ ሲተኛ፣ ድምፃቸውም ለስለስ ያለ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሙቀቱ ልክ መሆኑን ዐውቀን ልንተኛ እንችላለን። ማደሪያቸውም ክብ ቢሆን ይመረጣል፤ ማእዘን ባለበት ቦታ ሲበርዳቸው ከማእዘኑ ተከማችተው ከታች ያሉት ታፍነው ይሞታሉና።

መብራት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በአምፑል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቀድሞው ባለ ክር አምፑል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ነው፤ ዛሬ በየቤቱ የገባው ቆጣቢ አምፑል ግን ብርሃን እንጂ ለጫጩት የሚበቃ ሙቀት አይሰጥም። ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጠው የማሞቂያ አምፑል ከጉዝጓዙ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ጫጩቶቹ ባደጉ ቁጥር ከፍ ከፍ ይደረጋል። የሚሰቀለውም በኤሌክትሪክ ሽቦው ሳይሆን በሰንሰለት ወይም በጠንካራ የብረት ሽቦ ነው፤ ዙሪያውም በሽቦ ወንፊት ይከለላል። ጭድና ሰጋቱራ በተነጠፈበት ቦታ ላይ የወደቀ አምፑል ሳይውል ሳያድር ቃጠሎ ያስነሣል።

መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ግን ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ከሰል ምድጃ ነው። የንግግራችን ዋና ማስጠንቀቂያም ያለው እዚህ ላይ ነው። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ጢስ የለውም፤ እንግዲህ አይጎዳም» የሚለው አሳብ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ፍም የሆነው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዘኛ አየር ይሰጣል። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጂንን ቦታ ይዞ፣ ከኦክስጂን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ቀጥሎ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ከዚያም እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛና በዚያው ይቀራል። ወፎች ደግሞ ከሰው ቀድመው ይጎዳሉ፤ በብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1980ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ቤት ዘግቶ ጫጩትን በከሰል የሚያሞቅ ሰው፣ ሊያድናቸው የፈለጋቸውን አስቀድሞ ይገድላል፤ በዚያው ክፍል ልጆች ተኝተው እንደ ሆነም ጥፋቱ በእነርሱ ላይ ይደርሳል። በዚህ ዐይነት የተጎዳ ሰው ሲገኝ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ታዲያ መብራትም ከሰልም ሳይኖር ምን ይደረጋል? መልሱ እሳቱን ከውጭ አስቀርቶ፣ ሙቀቱን ብቻ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው በአገራችን ተሞክሮ ጥቅሙ የታወቀው የድርቆሽ ሣጥን ነው። ይህም የጫጩቶቹ ማደሪያ በሌላ ሰፋ ባለ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣ በሁለቱ መካከልና ከሥሩ ደረቅ ድርቆሽ ታጭቆ የሚሠራ ነው፤ ከላይም አየር በሚያስተላልፍ ክዳን ይሸፈናል። ድርቆሹ ሙቀት አይፈጥርም፤ የጫጩቶቹ የራሳቸው ሙቀት እንዳያመልጥ ያግዳል እንጂ። ስለዚህ ሣጥኑ የሚያገለግለው 50 ያህል ጫጩቶች አብረው ሲያድሩበት ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ቢሆኑ ሙቀታቸው አይበቃም። ድርቆሹ የረጠበ እንደ ሆነ ወዲያው መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው የሸክላ ማሰሮ ነው። ከጎንደር ወጥቶ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ወለቃን ያገኛል። ወለቃ የቤተ እስራኤል ወገኖች በሸክላ ሥራ፣ በብረት ሥራና በሽመና ሲተዳደሩ የኖሩባት መንደር ናት፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ነዋሪዎቿ ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ የሸክላው ሥራ በስፍራው አልጠፋም። ከእንዲህ ዐይነቱ ሸክላ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ አምስት ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ተመርጦ በደንብ ይሟሻል፤ ሳይሟሽ ውሃ የተሞላበት ሸክላ ያዣልና ጉዝጓዙን ያረጥበዋል። ሸክላው እንዳይሰነጠቅ በቅድሚያ በለብታ ውሃ ይሞቃል፤ ከዚያም በማድቤት የፈላው ውሃ ጥቂት በርዶ ይጨመርበትና አፉ በጨርቅ ተወትፎ፣ ማሰሮው በአሮጌ ጋቢ ወይም በጆንያ ተጠቅልሎ ከማደሪያው አንድ ወገን ይቀመጣል። ጨርቁን በመዳፋችን ይዘን ሳንቸገር ልንቆይ ከቻልን ለጫጩትም ይስማማል። አምስት ሊትር ውሃ ከ80 ወደ 40 ዲግሪ እስኪበርድ ድረስ የሚሰጠው ሙቀት፣ ባለ 60 ዋት አምፑል ወደ አራት ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተሞላው ማሰሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢለወጥ፣ ጫጩቶቹ በደኅና ያነጋሉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ማሰሮ መለወጥ ለደከመው የመንግሥት ሠራተኛ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ድካሙ የሚጸናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ላባቸው እየወጣ ይሄዳልና ሥራው ይቀላል። ከምድጃው ፍም ጋር በር ዘግቶ ከመተኛት፣ ተነሥቶ የጫጩቶቹን ድምፅ አዳምጦ መመለስ ይሻላል። እሳቱ በማድቤት ይቅር፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ይሁን።