ለልጁ ብረት መፈለጊያ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ፔሳሕ የልጄ ልጅ «አባባ፣ ለባር ሚጽቫዬ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ጋላይ ግዛልኝ» አለኝ። ጋላይ ማታኾት የሚሉት ያ በዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ሰሃን የተገጠመለት፣ መሬት ለመሬት እያወዛወዙ የተቀበረ ብረት የሚፈልጉበት መሣሪያ ነው። ልጁ በስልኩ እንግሊዝ አገር ከአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ የወርቅ ሳንቲም ሲወጣ አይቶ ልቡ ተነሥቷል። እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ከሚውል፣ ሜዳ ወጥቶ አፈር ቢነካ ምን ይጠላል?

«ከየት ልትጀምር አሰብክ?» አልኩት።

እጁን ወደ ከተማው ዳር ዘርግቶ «እዚያ ቴሉ ላይ ነዋ!» አለኝ። ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ።

ቴሉ ማለት ቴል ዔራኒ ነው። የከተማችን የቂርያት ጋት ስም ራሱ ከእሱ የመጣ ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር፣ ያ ጉብታ የጎልያድ አገር ጌት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኋላ ግን ሊቃውንቱ ጌትን ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ቴል ጻፊት ላይ ነው ብለው ተስማሙ። ስሙ ግን ለእኛ ቀረ። ዔራኒም ቢሆን ባዶ አልሆነም፤ ከ5,000 ዓመት በፊት የነበረው የግብፅ ንጉሥ የናርመር ምልክት የተጫረበት የሸክላ ስባሪ ተገኝቶበታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው እንግዲህ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መሣሪያና አካፋ ይዞ ሊወጣ ያሰበው።

ወላጆች፣ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት። በ1978 የወጣው የእስራኤል የቅርስ ሕግ፣ ከ1700 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) በፊት በሰው እጅ የተሠራን ዕቃ ሁሉ ቅርስ ይለዋል። ቅርስ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ያገኘው ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለቅርሶች ባለሥልጣን፣ ለራሹት ሃዓቲኮት፣ ማስታወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም ክልክል ነው። «አልቆፈርኩም እኮ፣ መሣሪያውን ብቻ ነው ያዞርኩት» ማለት አያዋጣም፤ ሕጉ መቆፈርን ብቻ ሳይሆን በብረት መፈለጊያ መፈለግንም ስሙን ጠርቶ ይከለክላል። ቅጣቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም፣ እስራትም አለበት። ልጆቹ በስልክ የሚያዩት የእንግሊዝ አገር ሕግ ሌላ ነው። እዚያ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ያገኘውን ያስታወቀ ሰውና ባለ መሬቱ ሽልማት የሚካፈሉበት መንገድ አለ። እዚህ የለም። ልጁ ይህን ልዩነት ከስልኩ አይማረውም፤ ከእኛ ካልሰማ ከፖሊስ ነው የሚሰማው። ጻባ ሳይገባ የወንጀል ቲክ ቢከፈትበት ምን እንደሚከተል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ታዲያ የተከለከለው ዔራኒ ብቻ አይምሰላችሁ። በምሥራቅ ላኪሽ አለ፣ ከፍ ብሎ ቤት ጉቭሪን አለ፣ ከዚያ አዜቃ አለ። በአገሪቱ ከ30,000 በላይ የቅርስ ቦታዎች አሉ፤ ብዙዎቹ አጥር የላቸውም፣ ተራ የግጦሽ ሜዳ ነው የሚመስሉት። የባለሥልጣኑ ስርቆት ተከላካይ ክፍልም ይህን የእኛን ቆላ ቀንም ሌሊትም ይጠብቃል፤ ዘራፊ የሚበዛበት ነውና።

ደግሞስ መሣሪያው የሚጮኸው ለብረታ ብረት ብቻ ነው። ከላኪሽ ምን እንደወጣ ታውቃላችሁ? ከዝሆን ጥርስ የተሠራች፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ማበጠሪያ። በ2022 ሊቃውንት ፊደሏን ሲያነቡት፣ ይህች ማበጠሪያ ከጠጉርና ከጢም ቅማል ትንቀል የሚል ምኞት ተጽፎባት አገኙ። ወደ 3,700 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። የልጆቿን ራስ በፀሐይ ላይ ስትቀምል ያደገች እናት ይህን ስትሰማ ፈገግ ማለቷ አይቀርም። በ1935 እዚያው ላኪሽ የተገኙት ታላላቆቹ ደብዳቤዎችም በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ ናቸው። ልጄ ጋላዩን በእነዚህ ሁሉ ላይ ቢያሳልፍ አንድም ጊዜ አይጮኽም ነበር። በ2025 ደግሞ አንዲት የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ከቤተሰቧ ጋር በአዜቃ ስትሄድ ድንጋይ መስሏት ያነሳችው፣ 3,800 ዓመት የሆነው የከነዓናውያን ማኅተም ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ አስረከበ፣ ልጅቷ የምስክር ወረቀት ተሸለመች። መሣሪያዋ ዓይኗ ብቻ ነበር።

መቆፈር የሚወድ ልጅ ካላችሁ በቤት ጉቭሪን–ማሬሻ ዋሻዎች ቤተሰብ ከባለሙያ ጋር የሚቆፍርበት ፕሮግራም አለ፤ ይከፈልበታል፣ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። (ማሬሻ ሲሉኝ ሁልጊዜ አባቴ የሚቀጠቅጠው ማረሻ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው። ቃሎቹ ዝምድና የላቸውም፤ ለእኔ ግን አላቸው።)

እሺ፣ ልጁ በዚህ አልተመለሰም እንበል። የእኔም አልተመለሰም። «ጋላይ ክልክል ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መግዛቱ አይደለም። የራሳችሁን ግቢ፣ ባለቤቱ የፈቀደላችሁን ግቢ፣ ሰው የሚዋኝበትን የባሕር ዳርቻ አሸዋ መፈተሽ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ትናንት የወደቀ ቀለበትና ሳንቲም ነው። አሽቀሎን ስትሄዱ ግን ከብሔራዊ ፓርኩ ራቁ፤ እሱ ጥንታዊቷ አሽቀሎን ናት፣ ዳርቻውም ጭምር።

እንግዲህ የመሣሪያው ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሻጩ ስለ ጥልቀት ያወራችኋል፤ እናንተ ስለ ቦታው ጠይቁት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በሰሃኑ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲሄድበት የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይልካል። ያ ኃይል ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ዕቃውም ደካማ መልስ ይመልሳል። መሣሪያው መልሱን ሰምቶ ድምፅ ያደርገዋል። ተራ ብረት በወፍራም፣ ብርና መዳብ በቀጭን ድምፅ ይመልሳሉ። አባቶቻችን አንጥረኞች ይህን ያለ ባትሪ ያውቁት ነበር። ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛውን፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው በድምፁ ብቻ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለዩ ነበር።

አሁን ችግሩ ይህ ነው፤ ቀጭን የወርቅ ቀለበት የሚሰጠው መልስ ከአልሙኒየም ወረቀትና ከጣሳ መክፈቻ መልስ ጋር ይቀራረባል። ሁሉም መሣሪያ «ይህን ዓይነት አትጩህ» የሚባልበት ቁልፍ አለው። ልጁ ቆሻሻ ሰልችቶት አልሙኒየሙን ከዘጋ፣ ወርቁንም ዘጋ። ስለዚህ ብዙ ቁልፍ ላለው ብዙ ገንዘብ መክፈል ለጀማሪ ትርፍ የለውም። ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው፣ እሱን ደግሞ ሱቅ አይሸጡትም።

ጨው ሌላው ነገር ነው። እርጥብ የባሕር አሸዋ ራሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መሣሪያ እዚያ ሲደርስ ያለ ምክንያት ይንጫጫል። ለግቢና ለደረቅ አሸዋ ከሆነ የአሜሪካው ጋሬት ኤሲ 300 ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ በተራ ባትሪ ይሠራል፣ ሰሃኑ ውኃ ይችላል፣ ላይኛው ሳጥን ግን አይችልም። የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ባትሪው እንደ ስልክ ይሞላል፤ ነገር ግን እሱም ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ልጁ ማዕበሉ በሚደርስበት አሸዋ ላይ መሥራት ከፈለገ የአውስትራሊያው ማይንላብ ቫንኩዊሽ 340 ይሻላል፤ በብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ይሠራልና ጨዉ አያደናግረውም። እነዚህ ሦስቱ ውጭ አገር ከ200 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ናቸው፤ እዚህ ማጓጓዣውና ማዓሙ ይጨመርበታል። ለሕፃናት የሚሸጠው መጫወቻ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚያየው፤ ልጁ በሳምንቱ ጥግ ይወረውረዋል። «ሁለት ሜትር ያያል» የሚላችሁን ደግሞ አትመኑ። ለአንድ ሳንቲም የአንድ ስንዝር ያህል ካየ ጥሩ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ልጁን ውሰዱት። መሣሪያው አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ይመዝናል፤ ለአሥር ደቂቃ ያወዛውዘው፣ ክንዱ ይናገራል። ካባላውንና የአኽራዩት ወረቀቱን ተቀበሉ። ቤት ስትመለሱ ከግንብ ራቅ ብላችሁ፣ ሲሚንቶ ውስጥ ብረት አለና፣ የወርቅ ቀለበት፣ የአሥር አጎሮት፣ ምስማርና የጠርሙስ ክዳን ደርድራችሁ ድምፃቸውን ይማር። የአንድ ሼቄሉን ሳንቲም በማግኔት ሞክሩት፤ አዲሶቹን ማግኔት ይስባቸዋል፣ ውስጣቸው ተራ ብረት ነውና መሣሪያው ሊያልፋቸው ይችላል። በሰንበት እንደማይነካ ለእናንተ አልነግርም።

የሚያገኘውስ? ስም የተቀረጸበት ቀለበት ቢያገኝ የእሱ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምን የጠፋ ዕቃ መልስ ይላል፤ በ1973 የወጣው የአገሩ ሕግም ለባለቤቱ ወይም ለፖሊስ አሳውቅ ነው የሚለው፣ ባለቤቱ በአራት ወር ካልተገኘ ለአግኚው ይሆናል። ያረጀና ጽሑፉ የማይታወቅ ሳንቲም ከወጣ ሳያጥቡ ሳይፍቁ ወደ ቅርሶች ባለሥልጣን መደወል። ረጅም፣ ከባድ፣ ክንፍ ያለው የሚመስል ብረት ከታየ ግን አይነካም፣ አይቆፈርም፤ ከተማችን ስንት ሮኬት እንዳየች እናውቃለን። ልጁ መሣሪያውን ይዞ በመጣበት ዱካ ይመለስ፣ 100 ይደወል።

እኛ በመጨረሻ ቫንኩዊሹን ገዛን፤ ውል ግን ተፈራረምን። ቴል የለም፣ ብቻውን የለም፣ የቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ ይደፍናል። በአሽዶድ የመጀመሪያው ቀን የተገኘው አራት የጠርሙስ ክዳን፣ አንድ የጆሮ ጉትቻ ግማሽ፣ ሦስት የአሥር አጎሮት ነው። ሠላሳ አጎሮት መሆኑ ነው። ሚስቴ ደግሞ «ለቤንዚን ስንት አወጣችሁ?» አለች። በሚቀጥለው ረቡዕ ተመልሰን እንሄዳለን።